የወንድሜ የጌም ሲዲዎች ተገኙ፤ ላፕቶፔ ግን ሲዲ ማስገቢያ የለውም

ሰኞ_ማክሰኞ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት የእናቴን ቤት ቀለም ልናስቀባ ዕቃ ስናወጣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ ካርቶን ወረደ። ውስጡ የወንድሜ ጌሞች ናቸው። እማዬ እያንዳንዱን ሲዲ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ስንት ጊዜ ቤት ስንቀይር አልጣለችውም።

ወንድሜ እነዚህን ያመጣቸው አሜሪካ ከሄደ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ሲመጣ ነው። ኦሪጅናል ናቸው። ስታርክራፍት ከነማስፋፊያው ብሩድ ዋር፣ ኩዌክ፣ ቫይስ ሲቲ ሁለት ሲዲ፣ ኮማንድ ኤንድ ኮንከር ሁለት ሲዲ። ያን ክረምት ከጎረቤት ኮምፒውተር ተውሰን፣ ሁለቱን ሳሎን ውስጥ በኬብል አገናኝተን ስታርክራፍት ስንጫወት እናድር ነበር። እማዬ ሌሊት ተነስታ «መብራቱን አጥፉ» ስትለን አሁንም ይሰማኛል።

ወንድሜ ለገና ይመጣል። ሳይነገረው አዘጋጅቼ ልጠብቀው ፈልጌያለሁ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ዲቪዲ ድራይቭ ገዛሁና ቫይስ ሲቲን ጫንኩ። መጫኑ ተጫነ። ልከፍተው ስል ግን ዝም። ምንም መልእክት እንኳን አያወጣም። ኮማንድ ኤንድ ኮንከር ጭራሽ ለመጫንም እምቢ አለ፤ ይህ ፕሮግራም በዚህ ኮምፒውተር አይሠራም ይላል።

ለምንድነው እምቢ የሚለው? ደግሞስ ሲዲዎቹን ሁልጊዜ ሳላስገባ መጫወት የምችልበት መንገድ አለ? ባስገባኋቸው ቁጥር የሚጎዱ እየመሰለኝ ልቤ አይረጋም።

ብይ፦

ወንድም ለምን ትቸገራለህ? የጌሙን ስም ጽፈህ ኖ ሲዲ ክራክ ብለህ ፈልግ። አንድ ፋይል ነው። አውርደህ በድሮው ፋይል ቦታ ትተካዋለህ፣ ከዚያ በኋላ ሲዲ አይጠይቅህም። እኔ ሁሌ እንደዚህ ነው የማደርገው። ሲዲ ገዝቼም አላውቅ።

ብሎን_ፈቺ፦

ብይ ልጄ፣ ያልከው መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ዓመቴ ነው። ቫይረስ በልቶት የሚመጣልኝን ማሽን «ምን አውርደህ ነበር?» ስል ብዙ ጊዜ መልሱ ይኸው ነው። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፋይል ነው። አንቲቫይረሱን አጥፋ ይልሃል፣ ታጠፋለህ። ከዚያ ምን እንደገባ አታይም። ኦሪጅናሉ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ ሌላ በር አለው።

ሰኞ ማክሰኞ፣ መጀመሪያ ለምን እምቢ እንዳለህ ልንገርህ። ምክንያቱን ካላወቅህ መላውንም አታገኘውም።

ቫይስ ሲቲ ላይ ሴፍዲስክ የሚባል ቁልፍ አለ። ማክሮቪዥን የተባለ ኩባንያ ነው የሠራው። ሲዲው ፋብሪካ ሲታተም ተራ ሲዲ መጻፊያ በትክክል ሊደግማቸው የማይችል ክፍሎች ሆን ተብለው ይገቡበታል። ጌሙ ሲከፈት እነዚያን ክፍሎች ፈልጎ ያያል። ካገኛቸው «ይሄ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ያልፋል። ይህን ለማየት ግን ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ፣ ከሲስተሙ ሥር የሚቀመጥ ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ችግሩ የመጣው ከዚህ ድራይቨር ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር 2007 ላይ የደህንነት ቀዳዳ ተገኘበት። ማይክሮሶፍት 2015 ላይ ዊንዶውስ 10ን ሲያወጣ ድራይቨሩን አስቀረው። በዚያው ዓመት መስከረም አካባቢ ደግሞ ቪስታ፣ 7 እና 8 ላይም በአፕዴት አጠፋው። እንግዲህ ሲዲህ ደህና ነው፣ ጌሙም ደህና ነው። በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ ግን ጡረታ ወጥቷል። ጌሙ እሱን እየጠበቀ ነው ዝም የሚለው።

የኮማንድ ኤንድ ኮንከር ምክንያት ሌላ ነው። የዊንዶውስ 95 ዘመን ጌም ነው፤ መጫኛው ባለ 16 ቢት ነው። እንደ አንተ ዊንዶውስ 11 ያለው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም አያስኬድም። ከቁልፍ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ምንም ነገር ከመሞከርህ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ የሁሉንም ሲዲ ኢሜጅ አውጣ። ኢሜጅ ማለት ሲዲው ላይ ያለው ሁሉ ቃል በቃል ወደ ፋይል ሲገለበጥ ነው። ፎልደሩን ከፍቶ ፋይሎቹን ኮፒ ማድረግ ኢሜጅ አይባልም። ኢሜጅበርን በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራል። ከዚያ ሲዲውን እንደ ጠቀለለችው ወደ እናትህ ጨርቅ መልሰው።

ስለ ሲዲ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሁሉም የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ገጽ ነው። ዳታው ያለው ግን በጽሑፉ በኩል ነው፤ ከቀለሙ ሥር ባለች ቀጭን ቫርኒሽ ብቻ ተሸፍኖ። ከታች በኩል ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ይጠብቀዋል። ከታች የተጫረ ብዙ ጊዜ ይነበባል። ከላይ በእስክሪብቶ የተፋቀ፣ ስቲከሩ የተላጠ ግን ዳታው አብሮ ይላጣል። መብራት ላይ ያዘውና በጽሑፉ በኩል እየው። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ካየህ እዚያ ጋ ያለው ጠፍቷል።

ጥርስ ሳሙና አትቀባ።

ቆጥ_ላይ፦

ጋሽ ብሎን፣ በጥርስ ሳሙና ላይ አልስማማም። እኛ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ሁሌ በኮልጌት ነበር የሚጠረገው፣ ይሠራ ነበር።

ብሎን_ፈቺ፦

ይሠራል፤ አልዋሽህም። ከታች ያለውን ፕላስቲክ ስለሚፍቀው ትንንሹ ጭረት ይለሰልሳል። ግን በፋቅከው ቁጥር አዲስ ጭረት ትጨምርበታለህ። በማግስቱ ሌላ ኮፒ የምትገዛበት ሲዲ ከሆነ ግድ የለም። ይሄ ግን እንደዚያ አይደለም። ለስላሳ ጨርቅ በውሃ አርጥበህ ከመሃል ወደ ዳር ጥረገው። በክብ አትዙር። አንባቢው በክብ ስለሚሄድ፣ በዚያው አቅጣጫ የተጫረ መስመር ብዙ ተከታታይ ዳታ ያበላሽበታል።

ገበጣ፦

ሰኞ ማክሰኞ፣ ስታርክራፍት የሚለውን ሳነብ ደስ አለኝ። የአንተ ነገር ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። ክራክም ምንም አያስፈልገውም፤ ኩባንያው ራሱ ፈቅዶታል።

የስታርክራፍት ሠሪ ብሊዛርድ 2008 ላይ 1.15.2 የሚባል ፓች፣ ማለት የማሻሻያ ፋይል፣ አወጣ። ከዚያ ፓች ጀምሮ ጌሙ ሲዲ አይጠይቅም። አደራረጉ እንዲህ ነው፦ የስታርክራፍት ሲዲ ላይ ኢንስቶል የሚባል ትልቅ ፋይል አለ፤ መጨረሻው፣ ማለት ከስሙ በኋላ ከነጥብ ቀጥሎ ያለው፣ ኢኤክስኢ ነው። ወደ ጌሙ ፎልደር ትገለብጠውና ስሙን ስታርክራፍት፣ መጨረሻውን ኤምፒኪው ትለዋለህ። ከብሩድ ዋር ሲዲም ያንኑ ፋይል አምጥተህ ብሩድዋር ትለዋለህ፣ መጨረሻው አሁንም ኤምፒኪው። በቃ። አስቀድመህ ግን ዊንዶውስ የፋይል መጨረሻዎችን እንዲያሳይህ አድርግ። አለዚያ ስሙን የቀየርክ ይመስልህና መጨረሻው ኢኤክስኢ እንደሆነ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው።

ሲዲው ባይነበብልህም ተስፋ አትቁረጥ። 2017 ላይ የመጀመሪያውን ስታርክራፍትና ብሩድ ዋርን በነፃ ለቀውታል።

ኮማንድ ኤንድ ኮንከርም እንደዚያው ነው። ባለቤቱ ኢኤ የተባለው ኩባንያ 2007 ላይ የ1995ቱን ጌም በነፃ ለቀቀ፣ 2020 ላይ ደግሞ የኮዱን ትልቅ ክፍል ለሕዝብ ከፈተ። ኦፕንአርኤ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። መጫኛውን ጭራሽ አይነካውም፤ የሚያስፈልገውን ከሲዲህ ላይ ያነባል፣ ወይም ራሱ ያወርዳል። ስለ 16 ቢት መጨነቅ ቀረልህ ማለት ነው።

አሁን ለኩዌክ አደራ ልበልህ። ኩዌክን አይኤስኦ በሚባለው የኢሜጅ ዓይነት እንዳታወጣው!

የኩዌክ ሲዲ ግማሹ የኮምፒውተር ሲዲ፣ ግማሹ የዘፈን ሲዲ ነው። አንደኛው ትራክ ዳታ ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ያሉት ሙዚቃ ናቸው፤ ቴፕ ውስጥ ብታስገባቸው ይዘፍናሉ። የአይኤስኦ ፋይል ደግሞ መያዝ የሚችለው ዳታውን ብቻ ነው። ሙዚቃውን ሳይነግርህ ይተወዋል። ጌሙ ይከፈታል፣ ይጫወታል፣ ግን ጸጥ ያለ ነው። ስለዚህ ቢን እና ኪው የሚባሉት ጥንድ ፋይሎች ሆኖ ይውጣ። ቢኑ ሙሉውን ይዘት ይይዛል። ኪው ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የትኛው ትራክ የት እንደሚጀምር ይነግራል። ሁለቱን አትለያያቸው።

ይሄን አጥብቄ የምነግርህ እኔ ራሴ የተቃጠልኩበት ስለሆነ ነው። የአባቴን ሲዲዎች በሙሉ አይኤስኦ አድርጌ፣ «አሁን ተረፉ» ብዬ ኦሪጅናሎቹን ለሰው ሰጠሁ። የሦስቱ ሙዚቃ እንዳልወጣ ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሲዲዎቹን የሰጠሁት ሰውዬ ደግሞ ጥሏቸው ነበር።

ሰኞ_ማክሰኞ፦

እህቴ ገበጣ፣ ጋሽ ብሎን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰው እንደዚህ ቁጭ ብሎ ይጽፍልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ገበጣ፣ የአባትሽ ነገር አሳዘነኝ።

አንድ ጥያቄ፦ ኢሜጁ ከወጣ በኋላ እንዴት ነው የምከፍተው?

ገበጣ፦

አይኤስኦ ከሆነ ዊንዶውስ ከ8 ጀምሮ ራሱ ይከፍተዋል። ሁለቴ ስትጫነው አዲስ ድራይቭ ሆኖ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ እውነተኛ ሲዲ የገባ ይመስለዋል። ቢንና ኪው ሲሆን ዊንዶውስ አያውቀውም። ዊንሲዲኢሙ የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ፣ እሱን ጫን።

ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ለዶስ ሲስተም ለተሠራ ጌም ግን እሱም አያስፈልግም። ዶስቦክስ የሚባለው ፕሮግራም ራሱ ኪውን አንብቦ፣ ሲዲ ድራይቭ አስመስሎ፣ ሙዚቃውንም ያጫውታል። የኩዌክ ሲዲህ የዶሱ ከሆነ እዚያው ውስጥ እንደ ድሮው ይሄዳል።

ግን ለወንድምህ ከሆነ ሌላ መንገድ ይሻላል። የኩዌክ ኮድ 1999 ላይ ተከፍቷል። ከዚያ ኮድ የተሠሩ አዳዲስ ማስኬጃዎች አሉ፤ እኔ ኩዌክስፓዝምን እወዳለሁ። ከሲዲህ የሚፈልገው ፓክ0 እና ፓክ1 የሚባሉ ሁለት ፋይሎችን ብቻ ነው። ሙዚቃዎቹን ደግሞ ከኢሜጁ ላይ ኦጂጂ ወደሚባል የድምፅ ፋይል ቀይረህ፣ ትራክ02፣ ትራክ03 እያልክ ሙዚክ በሚባል ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣለህ። ስክሪኑን ሙሉ ሞልቶ፣ ጥርት ብሎ ይሠራል።

የሜሪላንድ_ክረምት፦

ሰላም ጓዶች። ይህ ሁሉ ድካም ግን ለምን? አብዛኛው ስቲም ወይም ጂኦጂ በሚባሉት የኢንተርኔት ጌም መሸጫዎች ላይ አለ። ጂኦጂ ደግሞ ያለምንም ቁልፍ ነው የሚሸጠው፤ የገዛኸውን መጫኛ አውርደህ ታስቀምጠዋለህ። ቅናሽ ሲኖር የአንድ ቡና ዋጋ ነው።

ቆጥ_ላይ፦

አንተ አገር የቡና ዋጋ ነው። እዚህ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ስንት ሰው ነው? ውጭ ያለ ዘመድ ለምነን ነው የምናስገዛው። እሱም «ለጌም ነው?» ይላል።

የሜሪላንድ_ክረምት፦

ልክ ነህ፣ ይቅርታ። እሱን አላሰብኩትም።

ገበጣ፦

የክፍያው ነገር እንዳለ ሆኖ፣ የሚሸጠው ቅጂና ሲዲው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ኩዌክ ስቲም ላይ ለዓመታት ሲሸጥ ያ ሙዚቃ አልነበረውም፤ ሙዚቃው ያለው 2021 ላይ በወጣው አዲሱ እትም ነው። የቫይስ ሲቲ ተከታይ የሆነው ሳን አንድሪያስ 2014 ላይ አፕዴት ሲደረግ ከሬዲዮው ብዙ ዘፈኖች ወጡ፤ የዘፈኖቹ ፈቃድ አልቆ ነበር። አፕዴቱ ቀድሞ የገዙትንም አገኛቸው። ቫይስ ሲቲም ዘፈን ተቀንሶለታል። በሰኞ ማክሰኞ ሲዲ ላይ ያለው ግን 2003 ላይ እንደታተመ ነው። ማንም ከርቀት ሊቀንስበት አይችልም። እኔ ለዚህ ነው ለሲዲ የምሟገተው።

ብይ፦

በተቃራኒውም አለ እኮ። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በሚባለው ጌም የ1999ኙ ሲዲ ላይ ኢትዮጵያ የለችም። የገባችው 2015 ላይ አፍሪካን ኪንግደምስ በሚባለው ማስፋፊያ ነው። ሾቴል የያዙ ተዋጊዎች አሉ፣ የዮዲት ዘመቻ አለ፣ ወታደሮቹም በአማርኛ ነው የሚመልሱልህ። እኔ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሰውዬውን ደጋግሜ እየተጫንኩ ሳናግረው ነበር።

ገበጣ፦

ይህ እውነት ነው። እኔም ያን ቀን አስታውሳለሁ፤ እናቴን ጠርቼ አሰማኋት። እሱን ለሚፈልግ አዲሱን መግዛት ነው እንጂ የድሮው ሲዲ ምንም አያደርግለትም።

ዋንዛ፦

ወንድሞችና እህቶች፣ ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ፈርቶ ኢሜጅ የማያወጣው እሱን ባለማወቁ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሌላው ሥራ ለይቶ ያየዋል። ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው፣ ዋናው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚተካበት አንድ ቅጂ ማስቀመጥ ይችላል። ሰኞ ማክሰኞ የራሳቸውን ቤተሰብ ሲዲ ለራሳቸው ሲገለብጡ ይህ ነው። ኢሜጁን ለሌላ ሰው ማደል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እባካችሁ እዚህ ክር ላይ ሊንክ አትጠያየቁ።

ቆጥ_ላይ፦

ዋንዛ፣ በቅንነት ልጠይቅህ። ሁላችንም ያደግነው በተገለበጠ ሲዲ ነው። ሱቁ የሚሸጠው ነጭ ሲዲ ላይ በማርከር የተጻፈ ነበር። ኦሪጅናል ልግዛ ብትል የት ትገዛለህ? የሚያስመጣ አልነበረም። ታዲያ እኔ ያለኝ ሲዲ ምንድነው?

ዋንዛ፦

ሕጋዊ ቅጂ አይደለም፤ ሌላ ብልህ መዋሸት ነው። ግን ያኔ የሚገዛበት ቦታ እንዳልነበረ እኔም እመሰክራለሁ፤ እኔም በእሱ ነው ያደግኩት። አሁን ብዙዎቹ በነፃ ተለቀዋል፤ ከላይ እህታችን ገበጣ የዘረዘረችውን እይ። ከነዚያ ጀምር። ልብህም ንጹሕ ይሆናል፣ ማሽንህም ንጹሕ ይሆናል።

የሃይፋ_ልጅ፦

ክራክ የሚባለው ነገር ኩባንያዎቹንም ሳይቀር ነክቷቸዋል። 2008 ላይ ዩቢሶፍት የተባለው ጌም ሠሪ ሬይንቦ ሲክስ ቬጋስ 2 ለሚባለው ጌሙ ፓች አወጣ። ጌሙን ከኢንተርኔት የገዙ ሰዎች ሲዲ እየተጠየቁ ተቸግረው ነበር። ሰዎች ፓቹን ከፍተው ሲያዩት ፋይሉ የክራክ ሠሪዎቹ የራሳቸው ሥራ ሆኖ ተገኘ። ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ሰው በሌባ ቁልፍ ገባ ማለት ነው። ቁልፉ የጎዳው የገዛውን ሰው ነበር፤ የሰረቀው ቀድሞ ነው የተጫወተው።

ሰኞ ማክሰኞ፣ ቫይስ ሲቲህን በተመለከተ፦ ሴፍዲስክሺም የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ኮዱም ክፍት ነው። ጋሽ ብሎን ጡረታ ወጣ ያሉትን ዘበኛ ሥራ ይተካል። ያንን አደገኛ ድራይቨር ሳይመልስ፣ ጌሙ ድራይቨሩን ሲጠይቅ እሱ ይመልስለታል። ግን ልብ በል፤ ቁልፉን አይሰብርም። ሲዲው አሁንም መኖር አለበት። ጌሙ ሲዲውን መርምሮ ነው የሚያልፈው።

ሰኞ_ማክሰኞ፦

ሪፖርት ይዤ መጣሁ።

ስታርክራፍት ተሳካ። ገበጣ እንዳለችው መጀመሪያ የፋይሉን መጨረሻ ሳላሳይ ስሙን ቀየርኩና እምቢ አለኝ። ከዚያ ምክሯ ትዝ አለኝ። አሁን ያለ ሲዲ ይከፈታል። ኮማንድ ኤንድ ኮንከር በኦፕንአርኤ ሄደ፤ ከሲዲው ላይ ነው ያነበበልኝ።

ኩዌክ በቢንና ኪው ወጣ። ሙዚቃው ሲጀምር እማዬ ከወጥ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ይሄ የዛ ክረምቱ ነው» አለችኝ። ስሙን አታውቀውም፤ ድምፁን ግን አልረሳችውም። ገበጣ፣ አይኤስኦ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ይህን አላገኝም ነበር።

ቫይስ ሲቲ ግን ጭንቅ ውስጥ ከቶኛል። አንደኛው ሲዲ ደህና ነው። ሁለተኛው፣ ስንጫወት የሚገባው፣ ኢሜጅ ሳወጣ 61 በመቶ ላይ ይቆማል። ድራይቩ እንደ ሳል እየደጋገመ ይንቃቃል። ከታች በኩል ጭረት አለው፤ በጽሑፉ በኩል መብራት ላይ ይዤ ሳየው ቀዳዳ የለውም።

ብሎን_ፈቺ፦

ቀዳዳ ከሌለው ዳታው አለ፤ የሚያነበው ነው የቸገረው። እንዲህ አድርግ። አንደኛ፣ የንባቡን ፍጥነት ዝቅ አድርግ። ኢሜጅበርን ላይ የፍጥነት ምርጫ አለ፣ ትንሹን ያዝ። ሁለተኛ፣ ሌላ ድራይቭ ሞክር። ድራይቭ እንደ ሰው ዓይን ነው፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነባል። በተለይ የድሮ ዴስክቶፕ ላይ የነበሩት ወፍራሞቹ ድራይቮች ከእነዚህ ስስ ከሆኑት የዩኤስቢዎቹ ይበልጣሉ። ከጓሮ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ካለ አትናቀው።

ሁሉም እምቢ ካለ፣ ሊነክስ በሚባለው ሲስተም ላይ የሚሠራ ዲዲሬስኪው የሚባል ፕሮግራም አለ። የተነበበውን ይይዛል፤ ያልተነበበውን በማስታወሻ ይመዘግባል። ሌላ ድራይቭ ላይ ስትቀጥለው ወደ ጎደለው ብቻ ይመለሳል። ሦስት ድራይቭ እያንዳንዳቸው የቻሉትን እያዋጡ አንድ ሲዲ ሲሞሉ አይቻለሁ።

ችኮላ አታድርግ። ሲዲው ሲሞቅ አውጥተህ አሳርፈው።

የሃይፋ_ልጅ፦

አንድ ልጨምር። የሁለተኛው ሲዲ ኢሜጅ ሙሉ በሙሉ ቢወጣም በተራ አይኤስኦ የቫይስ ሲቲ ቁልፍ አይታለልም። ያ ሆን ተብሎ የገባው ክፍል እዚያ ውስጥ አይገኝም። ኢሜጁ የጌሙን ይዘት ለማትረፍ ነው። ለመጫወት ሲዲውን ማስገባት ሊኖርብህ ይችላል።

ሰኞ_ማክሰኞ፦

አራት ቀን ፈጀ። ጎረቤታችን ጋ ያ ድሮ የተዋስነው ኮምፒውተር አሁንም ዕቃ ቤት ውስጥ አለ! ከጋሽ ብሎን ምክር በኋላ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሳጥኑን በአቧራው ተሸክሜ አመጣሁት። ድራይቩን ነቅዬ በኬብል ማገናኛ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። በትንሹ ፍጥነት፣ አንድ ሌሊት ሙሉ። ጠዋት ስነሳ 100 በመቶ ይላል። ለቁልፉ ሆን ተብሎ ከገባው ክፍል በቀር የጎደለ የለም።

የሃይፋ ልጅ እንዳልከው ኢሜጁን ከፍቼ ስሞክር ጌሙ አላለፈም። ሴፍዲስክሺምን ጭኜ፣ ሲዲውን ራሱን በዚያው አሮጌ ድራይቭ ሳስገባ ግን ተከፈተ። እንግዲህ ይሄኛው ያለ ሲዲ አልሆነልኝም። ግን ሲዲው ነገ ቢሞት እንኳን ውስጡ ያለው ሁሉ በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አለኝ።

ከዚያ ትዝ ያለኝን ልንገራችሁ። ቫይስ ሲቲ ፎልደር ውስጥ ኤምፒ3 የሚባል ባዶ ፎልደር አለ። የራስህን ዘፈን ስታስገባበት መኪናው ውስጥ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ይመጣል። ወንድሜ ያኔ የአማርኛ ዘፈኖች አስገብቶበት ነበር። በባሕር ዳርቻው መንገድ በክፍት መኪና እየነዳን፣ የኛ ዘፈን ከስፒከሩ ይወጣ ነበር። እሱ የሚወዳቸውን ከእማዬ ጠይቄ አሁን ሰባቱን አስገብቻለሁ። አንዱን ግን ስሙን ማናችንም አላስታወስነውም። እማዬ ዜማውን አንጎራጎረችልኝ፣ ቀድቼዋለሁ። ወንድሜ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።

ገበጣ፦

ጌሙንም ዘፈኑንም አብረህ አስቀምጥ። የእናትህንም ድምፅ።

ብይ፦

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ የአጎቴን ቤት ፈተሽኩ። አሥራ አንድ ሲዲ አገኘሁ። አንዳንዶቹ ጽሑፋቸው መላጥ ጀምሯል። እኔ ምንም ድራይቭ የለኝም። የት ይገኛል?

ሰኞ_ማክሰኞ፦

ብይ፣ እነዚያን መላጥ የጀመሩትን ጽሑፉን አትንካቸው፤ እንዳሉ በየሳጥናቸው ያዛቸው። አዲስ አበባ ከሆንክ በግል ጻፍልኝ። ሁለቱንም ድራይቭ ቅዳሜ ይዤልህ እመጣለሁ። ከመላጡት እንጀምራለን።